ለእታለም እንዳይነግሩብኝ

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። «ዘበኛዋ» ነበር የሚሏት። ዱላ ይዛ በር ላይ የምትቆም ሆና አይደለም፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው እንዳለቀ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ነው የምትውለው። የምትጠብቀውም ንብረት ሳይሆን ኢሜይል ነው። ድርጅቱ የውኃ ፓምፕና መለዋወጫ እያስመጣ በየቅርንጫፉ ስለሚያከፋፍል በቀን የሚጻፈው ደብዳቤ ለጉድ ነው። ከዚያ ሁሉ መሐል የሰው መታወቂያ ቁጥር፣ የሐኪም ቃል ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ያለበት ደብዳቤ ወደማይገባው ሰው ሊሄድ ሲል ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ማጣሪያ ይይዝና እሷ ዘንድ ያቆመዋል። እሷ ከፍታ ታያለች። ማለፍ ያለበትን ታሳልፋለች፣ ማለፍ የሌለበትን ለላኪው ትመልሳለች።

ማጣሪያውን እንዲገባ ያደረገችው ራሷ ናት፤ ምክንያቱም ሾፌሩ ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ ከሩቅ ሲመጣ በሳቁ የሚታወቅ ሰው ነበር። አንዲት ጸሐፊ የእሱን የፍርድ ቤት ወረቀት ለጠበቃ ልልክ ብላ አድራሻውን ስትጀምር ኮምፒውተሩ የቀረውን ራሱ ሞላላትና ወረቀቱ ለሠራተኛው ሁሉ ሄደ። ያሳደገው ልጅ ከእሱ እንደማይወለድ የሚገልጽ ወረቀት ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያላነበበው አልነበረም። ሾፌሩ መኪናውን አቆመ፣ ቁልፉን ለበር ጥበቃው ሰጠ፣ ኮቱን እንኳ ከወንበሩ ሳያነሣ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ልጁም ነገሩን የሰማው ትምህርት ቤት፣ ከሌላ ሠራተኛ ልጅ አፍ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ አልወጣም ያለችው።

«እንዲህ ያለ ነገር ሥራ ያጓትታል» አሏት።

«ሰው ከሚሰበር ሥራ ይጓተት» አለች።

እያቅማሙም ቢሆን ፈቀዱላት። ደንቡንም አብራ አረቀቀች፦ የታገደ ደብዳቤ የሚከፍት ሰው ያየውን ለማንም አይናገርም፤ በሥራ ቦታም፣ በመንገድም፣ በቤቱም። ሠራተኞቹ ሻይ ቤት ሲያገኟት «ዘበኛዋ እኮ ሁላችንንም ራቁታችንን ነው የምታውቀን» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም «ዐይን እንጂ አፍ አልተሰጠኝም» ትላቸዋለች። እውነቷን ነው። ያየችውን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብላ የምትኖር ሴት ነበረች።

ታናሽ እህቷም እዚያው ግቢ፣ መጋዘን ውስጥ ነበር የምትሠራው። ቁመቷ የበሩን ጉበን የሚነካ ቢሆንም ሚጢጢ ነው የምትባለው፤ በልጅነቷ የወጣላት ስም አብሯት አድጎ ነው። እሷ ደግሞ ታላቅ እህቷን «እታለም» ትላታለች። እናታቸው በጡት ካንሰር ስትታመም ሚጢጢ ገና ተማሪ ነበረች። ታላቅየዋ ትምህርቷን አቋርጣ እናቷን አስታመመች፤ አጠበች፣ አጎረሰች፣ በመጨረሻም ዐይኗን ከደነች። ሊያገባት ቃል የገባላት ሰው ጠብቆ ጠብቆ ሰለቸውና ሌላ አገባ። ስለዚያ አንድም ቀን ስታማርር አልተሰማችም። ሚጢጢ ግን ሁሉንም አይታለች። ልጅ ያየው አይረሳም።

አንድ ጠዋት፣ ሻይዋን ሳትጨርስ፣ ማጣሪያው አንድ ደብዳቤ አቆመ። ላኪው የሰው ኃይል ኃላፊው ነበሩ። ጡረታ የተቃረቡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቢሮውን ሁሉ የሚያምሱ ደግ ሰው ናቸው፤ «ጋሼ መነጽር» ነው የሚባሉት። ለመድን ድርጅቱ ሊልኩ ፈልገው «መ» ብለው ቢጀምሩ፣ ኮምፒውተሩ «መጋዘን፣ ሠራተኞች በሙሉ» ብሎ ጨርሶላቸዋል። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ስለነበረ አላዩትም፤ ላኩት።

ዘበኛዋ አባሪውን ከፈተችው። የሆስፒታል ማኅተም ያለበት የሕክምና ማስረጃ ነበር። ለወትሮው የሰው ስም ላለማየት ከታች ነው የምትጀምረው፤ ሕመሙን አየች። የእናቷ ሕመም ነው። መስፋፋቱን የሚገልጸውን ቃልም አወቀችው፤ ያንን ቃል ማንም ሊተረጉምላት አያስፈልግም። «ምስኪን፣ የማን ልጅ ትሆን?» አለች በልቧ። ለማን እንደሚመለስ ለማረጋገጥ ዐይኗ ወደ ላይ ወጣ። ስሙን አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ከሚጢጢ የመዝገብ ስም ቀጥሎ የአባታቸው ስም ነበር። የአያታቸውም።

ክው አለች። እጇ ግን ሥራውን ያውቅ ነበርና ደብዳቤውን አገደው፣ ለላኪው መለሰው። ከዚያ በሩን ቆልፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ጋሼ መነጽር እየሮጡ መጡ። ደረጃው አድክሟቸው እያለከለኩ በሩን መቱ። ሲከፈትላቸው ፊቷን አይተው ሁሉም ገባቸው።

«አየሽው?»

«ሥራዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እጄን በሰበረው! እኔን ይድፋኝ! ለሰው ደርሷል እንዴ?»

«አልደረሰም። ይዞታል።»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ማሸት ጀመሩ። «ስሚ ልጄ፣ ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችኝ። ‹መድኑንም ፈቃዱንም እንዳሉት ያድርጉት፤ ብቻ ለእታለም እንዳይነግሩብኝ። እናቴን አስታማለች፤ እኔን ደግማ አታስታምም› አለችኝ። አስማለችኝ። እኔም ማልኩላት። አሁን መሐላዬን በጣቴ አፈረስኩት።»

«እርስዎ አልነገሩኝም» አለች ዘበኛዋ። «ማጣሪያው ነው የነገረኝ። እኔ ደግሞ አልሰማሁም።»

እንዲህ ማለት ይቀላል። ቀን ቀን የሚጢጢን ድምፅ ከመጋዘኑ በኩል ትሰማለች፤ ከጭነት ሠራተኞቹ ጋር እየተሟገተች፣ እየሳቀች። በመስኮት ቁልቁል ስታያት ቀሚሱ ሰፍቷታል። እንዴት ነው እስከዛሬ ያላየሁት? እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ወርዳ አንገቷን ልታቅፋት ትነሣለች፤ መልሳ ትቀመጣለች። ነገሩ የሚጢጢ ነው። ሳትፈቅድላት ኪሷ ውስጥ እጇን ያስገባች፣ የሰረቀች ያህል ነበር የሚሰማት። የሰረቀችውን ነገር ደግሞ በምን አፏ «ይኸው» ትበላት?

አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ብርቱካን ገዝታ ወደ ሚጢጢ ቤት ሄደች። ሚጢጢ የምትኖረው በአንዲት ባልቴት ግቢ ጀርባ፣ በኪራይ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር።

«እታለም! ምን እግር ጣለሽ በሥራ ቀን?»

«ናፍቀሽኝ ነዋ።»

«ዛሬ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ አልተያየንም እንዴ? ናፍቆትሽ እንደ ሻይ ነው ማለት ነው፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ደከመሽ?»

«ዕቃ ሲገባ ነው የዋለው። ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው።»

ብርቱካኑን እየላጡ ስለ ጎረቤት፣ ስለ አዲሱ የመጋዘን ኃላፊ፣ ስለ ምንም ስለማይረባ ነገር ሁሉ አወሩ። ቆየት ብላ ሚጢጢ ልጣጩን በጣቷ እያጠቀለለች፣ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«እታለም፣ እማዬ ያን ጊዜ ቀደም ብላ ነግራን ቢሆን ይሻለን ነበር?»

ታላቅየዋ የያዘችውን ብርቱካን አስቀመጠች። ይኸው፣ በሩ ሊከፈት ነው ብላ አሰበች። ፈራች። ‹አዎ› ብትል ማወቋ ከፊቷ የሚነበብ መሰላት። አፏ ላይ የመጣላትን አለች።

«እኔ እንጃ። ሳናውቅ የኖርነው ጊዜ ግን ደስ ይል ነበር።»

ሚጢጢ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ፈገግ አለች። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለችና ልጣጩን ሰብስባ ልትጥል ተነሣች። ዳግመኛ ያን ወሬ አላነሣችም። ታላቅየዋም ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ «ምነው ምላሴ በተቆረጠ!» ስትል ሄደች።

የኢሜይሉ በር እንዲህ ተጠብቆ ሳለ ነገሩ በሌላ በኩል ወጣ። አንዲት የሒሳብ ክፍል ጸሐፊ አክስቷን ሐኪም ቤት ይዛ ሄዳ ሚጢጢን የካንሰር ሕክምና ከሚሰጥበት ክፍል ስትወጣ አየቻት። ክፉ ሴት አይደለችም። አዝና ነው ለጓደኛዋ የነገረችው፤ ጓደኛዋም አዝና ለሌላ ነገረች። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ ነገሩ ሻይ ቤቱን፣ ግቢውን፣ መጋዘኑን አዳረሰ። አንድ ጠዋት ሚጢጢ ካርቶን ልታነሣ ስትል የጭነት ሠራተኛው «ተይው፣ አንቺ አረፍ በይ» ብሎ ከእጇ ተቀበላት። ሌላው ወንበር አመጣላት። ደህና ሲሟገቷት የነበሩ ሰዎች ሁሉ ድምፃቸው ለስልሷል። ያኔ ነቃች።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አይታወቅም። የዘበኛዋን በር ሳትመታ በረገደችው።

«አንቺ ነሽ!»

«ሚጢጢዬ...»

«የሰው ደብዳቤ የምትከፍቺው አንቺ ነሽ! ጋሼ ወረቀቴን በኢሜይል ነው የሚልኩት፤ በማን በኩል ያልፋል ታዲያ? ለማን ነው ያወራሽው?»

«ለማንም አልተናገርኩም። አፌን ቁርጥ ያርገው፣ ለነፋስ እንኳ አልተናገርኩም።»

ሚጢጢ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ግን ታውቂ ነበር?»

ዘበኛዋ አንገቷን ደፋች።

«ብርቱካን ይዘሽ የመጣሽ ቀን... ያን ቀንም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሚጢጢ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቁጣው ከፊቷ ላይ ወርዶ ሌላ ነገር መጣ፤ ታላቅየዋ ከቁጣው ይልቅ እሱን ፈራች።

«በሩን ከፍቼልሽ ነበር እኮ፣ እታለም። እማዬን አንሥቼ፣ ፈርቼ ፈርቼ ከፍቼልሽ ነበር። አንቺ ዘጋሽብኝ። እኔ እኮ አልጋዬ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። አንቺ ቤትሽ ሆነሽ ታውቂያለሽ፣ እኔ ቤቴ ሆኜ አውቃለሁ፤ ለምን?»

«ምስጢሩ ያንቺ ነው። አትንገሩብኝ ብለሻል። ደንቡም...»

«ደንቡ ምን ይላል?»

«ያየሽውን ለማንም አትናገሪ ይላል።»

«ለማንም ማለት ለሌላ ሰው ነዋ!» አለች ሚጢጢ፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ለእኔ ለራሴ አትንገሪኝ ይላል? እኔ ነኝ ሌላ ሰው?»

ዘበኛዋ ያን ሁሉ ደንብ ስትጽፍ፣ ያን ሁሉ ሰው ስትከለክል፣ አንድም ቀን ይህንን አላሰበችውም ነበር። ሚጢጢ በሩን ሳትዘጋ ወጣች። እግሯ ደረጃው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ በየመታጠፊያው ቆም ሲል ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልክ ስትደውልላት አታነሣም፤ ቤቷ ስትሄድ «ተኝታለች» ትባላለች። ጸሐፊዋ ወሬዋ ያደረሰውን ሰምታ እያለቀሰች መጣች፤ «አዝኜ ነው፣ በሞቴ ይቅር በይኝ» ብላ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ዘበኛዋ ያዘቻት። ምን ትበላት? እሷስ ዝም ብላ ምን አተረፈች? በዚያው ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ደንቡ ላይ አንድ መስመር አስጨመረች፦ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ያለበት ደብዳቤ ከታገደ፣ ማን እንዳየው ለባለጉዳዩ በዚያው ዕለት ይነገረው። ሥራ አስኪያጁ አሁንም «ሥራ ያጓትታል» አሉ። አሁንም ፈረሙ።

ዝናቡ ሲጀምር ሚጢጢ ራሷ ደወለች። ድምፏ ቀጭን ሆኗል።

«ነገ መድኃኒት የምወስድበት ቀን ነው። ሥራ ካልያዘሽ ነው እንግዲህ።»

«አልያዘኝም።»

«ካለቀስሽብኝ ከበር እመልስሻለሁ።»

«አላለቅስም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ሄዱ። ሐኪም ቤቱ ረጅም አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት፣ የመድኃኒት ሽታው ልብስ ላይ የሚቀር ቤት ነበር። ሚጢጢ ክንዷ ላይ መርፌው ተሰክቶ እዚያ ተቀምጣ ነርሶቹን በየተራ ታስቃቸዋለች። ጸጉሯ ሲረግፍ «እሰይ፣ አሁን ገና ስሜ ተስማማኝ፤ ግማሹ ቁመቴ ጸጉር ነበር» አለች። ታላቅየዋ ቃሏን ጠበቀች፤ ፊቷ አላለቀሰችም። ስለ ተጣሉበት ነገር አንድም ቀን አልተነጋገሩም። አንዴ ብቻ፣ በአውቶቡስ ሲመለሱ፣ ሚጢጢ ራሷን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ «ተቀይሜሽ የጠፋሁበት ጊዜ ይቆጨኛል። ብዙ ነበር» አለች። «ትንሽ ነበር» አለቻት ታላቅየዋ። ሁለቱም ብዙ እንደነበረ ያውቃሉ። የቀረው ጊዜ ነበር ትንሽ።

መድኃኒቱ አልያዘላትም። ዝናቡ ሳይቆም አልጋ ያዘች፤ ታላቅየዋም እንደ እናቷ አጠበቻት፣ አጎረሰቻት። ሚጢጢ የፈራችው ሁሉ ደረሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ውኃ ልታቀብላት ብርጭቆውን ስታዞር፣ ሚጢጢ አልነበረችም።

ቀብሩ ላይ የመጋዘኑ ሰው አንድም አልቀረ። ጋሼ መነጽር መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንዳለ ያለቅሱ ነበር። ጸሐፊዋ ከሩቅ፣ ከሰው ጀርባ ቆማ ነበር። ዘበኛዋ እጇን ዘርግታ ጠራቻት፤ አጠገቧም አስቆመቻት።

ሐዘኑ በረድ ሲል የሚጢጢን ክፍል ልታስረክብ ሄደች። የግቢው ባለቤት፣ እማማ የሚሏቸው ባልቴት፣ ልብስ እያጣጠፉ ሊያግዟት አብረዋት ገቡ። ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። አንድ ሹራብ አንሥተው ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ።

«ይህን ለብሳ ነው የነገረችኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ሕመሟን ነዋ። ሐኪሙ የነገራት ዕለት መጥታ እዚህ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ‹እማማ፣ የእናቴ ነገር መጣብኝ› አለችኝ።»

ዘበኛዋን ከነከናት። ቅናት ይሁን ቁጭት ለራሷም አልለየላትም። «ከሁሉም በፊት ለእርስዎ?»

«አትቀየሚ ልጄ። ለባዳ መንገር ይቀላል፤ ባዳ አልቅሶ ይተኛል። አንቺ እንደማትተኚ ታውቅ ነበር።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ደግሞ ልትነግርሽ ትፈልግ ነበር እኮ። ማታ ማታ እዚህ እየተቀመጥን ትለማመድ ነበር። እኔን አንቺ ታደርገኛለች። ‹እሺ እማማ፣ እርስዎ እታለም ነዎት› ትለኛለች፣ ከዚያ ትጀምራለች።»

«እኔ... ምን እል ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄ! አንዳንዴ አለቅሳለሁ። አንዳንዴ እቆጣታለሁ፤ ‹ለምን ደበቅሽኝ› ብዬ። ‹አይ እማማ፣ እታለም እንዲህ አትልም› ብላ ታርመኛለች። አንድ ቀንማ እኔ ‹ሳልበላ ምንም አልሰማም› ብዬ ቀለድኩባት፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ ሳቅን፣ ኋላ ተቃቅፈን ተላቀስን። ነገ እነግራታለሁ እያለች አደረች። አንቺ ብርቱካን ይዘሽ ከመጣሽ በኋላ ግን መለማመዱንም ተወችው።»

ዘበኛዋ በእጇ የያዘችውን ቀሚስ አስቀመጠች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ በቀብሩም ላይ እንኳ፣ ቃሏን ጠብቃ አላለቀሰችም ነበር።

«እማማ፣ እንዴት ብላ ነበር የምትጀምረው?»

ባልቴቲቱ እጃቸውን ሹራቡ ላይ አሳረፉና የራሳቸውን ድምፅ ትተው ረጋ ባለ ድምፅ ነገሯት።

«‹እታለም፣ ሥራሽን ተዪና አጠገቤ ነይ። የምነግርሽ ነገር አለ፤ እስክጨርስ ግን እጄን አትልቀቂው።›»

ዘበኛዋ አጠገባቸው ተቀመጠች። የሴትዮዋን እጅ ያዘች። «እሺ» አለች፣ «እየሰማሁሽ ነው»፤ ያኔ ነው እንባዋ የወረደው። እማማም፣ የሚያስታውሱትን ያህል፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት።